ጴጥሮስ ከደጃፍ የተመለሰ ዕለት

ወንድሞችና እህቶች፣ ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ተነሥቻለሁ። ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ «አሜን» በሉኝ፤ ግድግዳው ስስ ነው። ምላሴ ሻካራ ስለሆነ ጽፌ መጣሁ። ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ፣ በቀበሌው መሠረተ ትምህርት ነው። የጸሎት ቤታችንን ያሸገው መንግሥት ማንበብ አስተማረኝ፤ እኔም መጽሐፍ ቅዱስ አነበብኩበት። ስሙ ይባረክ! የጌታን ስም ማለቴ ነው።

የሌሎቻችሁ ምስክርነት ሲያልቅ እልልታ ነው። የእኔ ውስጥ ሬሳ አለ። ታገሡኝ።

ሥራዬ በፉሪ በኩል ካለው የድንጋይ ማውጫ፣ ከካባው፣ ድንጋይ መፍለጥ ነው። ጠዋት ያለ አረቄ መዶሻ አላነሣም ነበር፤ እጄ ይንቀጠቀጣል። ሚስቴ ወጋየሁ ልጆቻችንን ይዛ ወደ እናቷ ስትሄድ፣ «ባሏን ጥላ ሄደች እንዳይሉኝ፤ ባሌ ጠርሙስ ውስጥ ከገባ ቆይቷል» አለችኝ። ሐኪሙም ሆዴን ዳስሶ፣ «ወንድሜ፣ ጉበትህ አልቋል። መጠጣቱን ካልተውክ እኔ ጋ መመላለሱንም ተወው» አለኝ። ከሐኪሙ ወጥቼ በቀጥታ የሄድኩት ማሚቴ አረቄ ቤት ነው። እንዲህ ነበርኩ!

ከዚያ ያወጣኝ ጴጥሮስ ነው። ከከምባታ የመጣ፣ አብሮኝ ድንጋይ የሚፈልጥ፣ እሱም ሰካራም የነበረ። «አንተ አረቄን ብቻህን አትተወውም» አለኝ። «እኔም ብቻዬን አልተውኩትም። ና።» ላፍቶ፣ እትዬ ወርቄ የሚባሉ መበለት ቤት ወሰደኝ። እንደኔ አረቄ ያቃጠላቸው ሰዎች እዚያ ይሰበሰባሉ። ደንባቸው አጭር ነበር። የአረቄ ጥም የመጣበት ሰው ሥራ ላይም ቢሆን ጥሎ ወደ እትዬ ወርቄ ቤት ይሮጣል፤ እዚያ ያገኘው ሰው እጁን ይዞ፣ ጥሙ እስኪያልፍ አብሮት ይጸልያል። እኔን ጴጥሮስ ያዘኝ። ስንቀጠቀጥ፣ ስሰድበው፣ ልብሱ ላይ ሲያስመልሰኝ አልለቀቀኝም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ «ኢየሱስ ሆይ፣ ይኸው፤ ከዚህ ከተበላሸ ሰው በቀር የማመጣልህ የለኝም» አልኩ። እጄ ቀጥ አለ! ሃሌ ሉያ! ወጋየሁም ልጆቼን ይዛ ተመለሰች። ክብር ለስሙ!

አሁን ወደሚያመኝ ልምጣ። መሰብሰብ ክልክል ስለሆነ ምልክት ነበረን። የቀበሌ ሰው ከመጣ እትዬ ወርቄ ብርድ ልብስ አጥሩ ላይ ያሰጣሉ፤ ያንን ያየ ሰው ሳይገባ ያልፋል። ይህንን ያሰበው ራሱ ጴጥሮስ ነው። አንድ ቅዳሜ የአብዮት ጥበቃው ሰው መጣ፤ ብርድ ልብሱ ተሰጣ፤ እኛ ጓሮ ተደበቅን። ሰውየው ጓዳውን ሁሉ አይቶ ሄደ። እኛም ስላለፈልን ደስ ብሎን ገባን፤ በሩን ዘግተን በሹክሹክታ መዘመር ጀመርን። ብርድ ልብሱን ያነሣ የለም።

ጴጥሮስ ያን ቀን ጥሙ መጥቶበት ነበር። እየሮጠ መጣ፤ አጥሩን አይቶ ተመለሰ። ቆይቶ ደግሞ መጣ፤ ጎረቤት አይታዋለች። ብርድ ልብሱ እንደተሰጣ ነው። ማሚቴ ኋላ እንደነገረችኝ፣ «ወንድሞቼን ወሰዷቸው» እያለ፣ እያለቀሰ ጠጣ። ሊመሽ ሲል ካባው ውስጥ ወድቆ፣ ሞቶ ተገኘ።

ጴንጤ ነው ተብሎ መቃብር ስለተከለከለ ሜዳ ላይ እኛው ቆፈርንለት። ወሬውን የሰማ አንድ የካባ ጓደኛችን ቆሞ እያየ፣ «ምነው፣ አምላካችሁ ብርድ ልብስ ማንሣት አቃተው?» አለ። አፈሩን መመለስ ቀጠልኩ። የጴጥሮስ ሚስት አስቴር ግን ክንዴን ያዘችኝ።

«እሱ ደጅ ሲቆም እናንተ ምን ታደርጉ ነበር?»

«እንዘምር ነበር» አልኳት።

ከቀብሩ በቀጥታ ማሚቴ ቤት ሄድኩ። «መጣህ፣ ሰባኪው!» ብላ መለኪያውን ሞልታ አስቀመጠችልኝ። እግዚአብሔርን በልቤ ሰደብኩት፤ አልዋሽም። መለኪያውን አነሣሁ። ይሄኔ እትዬ ወርቄ ገቡ። አረቄ ቤት ረግጠው የማያውቁ ሴት፣ ነጠላቸውን ለሐዘን እንዳዘቀዘቁ መጥተው አግዳሚው ላይ አጠገቤ ተቀመጡ።

«እትዬ፣ ትንሽ ይቀምሳሉ?» ብላ ማሚቴ ሳቀች። ጠጪዎቹም ሳቁ።

«የለም ልጄ፤ ከዚህ ሰው ጋር ነኝ» አሉ። ወደ እኔ ዞረው፣ «ብርድ ልብሱን የረሳሁት እኔ ነኝ። ጠጣም አልልህ፣ አትጠጣም አልልህ። ብቻህን ግን አትቀመጥም» አሉኝ። እጄን ያዙ።

ወገኖቼ፣ ከሰማይ ድምፅ አልሰማሁም። መለኪያውን መልሼ አስቀመጥኩ፤ ይኸው ነው። ተደጋግፈን ወጣን። ጌታ ግን እዚያ አግዳሚ ላይ ነበር እላለሁ። ሃሌ ሉያ!

«ጴጥሮስ ለምን?» ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ እኔም ስጠይቅ ኖሬ መልስ አላገኘሁም። ከዚያ ወዲህ ጠብታ አልቀመስኩም። ክብሩ የጌታ፣ ሐዘኑ የእኔ። ከመካከላችሁ ጥም የያዘው ካለ አይፈር፤ ኢየሱስን ይጥራ፣ ወደ እኛም ይምጣ። መምጣት ካቃተው የትኛው አረቄ ቤት እንዳለ ይላክብን። መጥተን አጠገቡ እንቀመጣለን።