አልጣሽና የላይ ሰፈር አቤቱታ

አልጣሽን ከስማዳ አምጥተው እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ሲያስገቧት ገና ልጅ ነበረች። ያገቧት የኔታ አበጀ የቅኔ መምህር ናቸው፤ በዕድሜ ከእሷ ሃያ ዓመት ይበልጣሉ። ቤታቸው ላይ ሰፈር ነበር። ላይ ሰፈር የሚባለው ከደብሩ ቅጽር ጀርባ፣ በአንዲት ጠባብ መንገድ ግራና ቀኝ የተደረደሩ ሃያ የማይሞሉ የድንጋይ ቤቶች ናቸው። አንዳንዶቹ ክብ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ደርብ አላቸው፤ ሁሉም የሣር ክዳን ናቸው። ማን እንደሠራቸው ሲጠየቁ ሽማግሌዎቹ «አያቶቻችን ሲወለዱም አሮጌ ነበሩ» ከማለት አያልፉም። ደብሩ ጉብታው ላይ ስለሆነ ከደርብ ላይ ተቁሞ እንኳ ከቅጽሩ ድንጋይ በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም።

በሰፈሩ ጫፍ ባለው ሜዳ የቅኔ ተማሪዎች ጎጆ ቀልሰው ይኖሩ ነበር። አልጣሽ አልወለደችም፤ ቤቷ ግን ባዶ ሆኖ አያውቅም። ከጎጃም የመጣው፣ ከላስታ የመጣው፣ እግሩ የቆሰለው፣ ቅኔው አልሞላ ብሎት የሚያለቅሰው ሁሉ ደጇን ያንኳኳል። እሷም «ይኼ ደግሞ የማን ነው?» እያለች ካለው ታካፍለዋለች።

በ1951 ዓ.ም. የኔታ አበጀ አረፉ። ተማሪዎቹ ሌላ መምህር ይመጣል ብለው አንድ ክረምት ጠበቁ። ከዚያ አንዱ ወደ ጎንጅ፣ አንዱ ወደ ዋድላ፣ ትንንሾቹም ወደ ታች ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ሄዱ። ጎጆዎቹ ዝናብ ገባባቸውና አንድ በአንድ ወደቁ። አልጣሽ ጧፍ እየሠራች መኖር ጀመረች። ሰም ታቀልጣለች፣ የጥጥ ክር እየነከረች ትስባለች፣ በጣውላ ላይ እያሸች ታለሰልሰዋለች። የሠራችውን በገበያ ቀንና በበዓል ትሸጣለች። ከሰው ጋር ሳትነጋገር ሦስት አራት ቀን የምትውልበት ጊዜ እየበዛ መጣ። ማታ ማታ ወደ ባሏ መቃብር ትሄድና የዋለችበትን ትነግራቸዋለች። ይህን ማንም አያውቅም ነበር።

በ1958 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የሰፈሩ ሰዎች የተማሪዎቹ ሜዳ ላይ ችካል ተተክሎ አገኙ። ችካሉን ያስተከለው አቶ ጥጋቡ፣ በእህልና በቆዳ ንግድ የከበረ የደብረ ታቦር ሰው ነው። ሜዳውን ከባለ ርስቶቹ ገዝቷል። ሊሠራ ያሰበው ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ነው፤ ታች ሱቅ፣ መካከል መጠጥ ቤት፣ ላይ አልጋ። በዚያን ጊዜ በእስቴ ምድር ሦስት ፎቅ ያየ ሰው ቢኖር ጎንደር ወይ አዲስ አበባ ደርሶ የመጣ ነው።

ሰፈሩ ተሰበሰበ። ካሣነሽ፣ የአልጣሽ የግድግዳ ጎረቤት፣ አራት ልጆች አሏት፤ እሷን ያስፈራት ሰካራም ነው። ሌሎቹ መሠረቱ ሲቆፈር አሮጌው ግድግዳችን ይሰነጠቃል አሉ። ካህናቱ ደግሞ የከነከናቸው መስኮቱ ነበር።

«ሦስተኛው ፎቅ ላይ የተኛ ነጋዴ ጠዋት መስኮቱን ሲከፍት ምን ያያል?» አሉ መሪጌታ ተክለ ማርያም። የደብሩ ዜማ መሪ እሳቸው ናቸው፤ ጽሕፈትም የሚያውቁ እሳቸው። «ቅጽሩን ተሻግሮ ቅዳሴያችንን፣ ክርስትናችንን፣ ልቅሷችንን ያያል። ሰው እግዚአብሔር ፊት ሲቆም ከአናቱ ላይ ተመልካች አይቆምበትም።»

አቤቱታውን ጻፉ። ሠላሳ አንድ ሰው ፈረመበት፤ መጻፍ የማይችለው አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ አተመ። አልጣሽ የመጀመሪያዋ ሆነች። የካሣነሽ ባል ሳቅ ብሎ «እትየ አልጣሽ፣ እርስዎን ደግሞ ምን ነካዎት? የሚፈሩት ልጅ የለዎ፣ የሚሰነጠቅ ደርብ የለዎ» አላት።

አቶ ጥጋቡ ይህን ሲሰማ ቤት ለቤት መዞር ያዘ። ክፉ ሰው አልነበረም። አልጣሽ ጋ የመጣ ዕለት ሰም እያቀለጠች ነበር። ከደጅ ቆሞ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ይግቡ» አለችው።

ገብቶ በመደቡ ጫፍ ተቀመጠ። «እትየ፣ ከሁሉ የበረቱት አንቱ ነዎት ይሉኛል። ምን ልበድልዎት ነው? ክዳንዎ አርጅቷል፤ እኔ በቆርቆሮ አለብሰዋለሁ። ጧፍዎንም ከሱቄ ደጅ ይሽጡት።»

«እግዜር ይስጥልኝ። ክዳኑ ክረምቱን ችሎታል።»

«ሜዳው እኮ ባዶ ነው።»

«የተማሪ ቦታ ነው።»

ጥጋቡ ቀስ ብሎ «ተማሪዎቹ የት ናቸው?» አላት። ሊያስቀይማት አልነበረም፤ ድምፁ እንደ ዘመድ ነበር። «ቅር አይበልዎትና፣ ይህ ሰፈር እየጠፋ ነው። እኔ ሰው ላመጣበት ነው። መንገደኛ ይመጣል፣ ነጋዴ ይመጣል፣ መብራት ይበራል። እርስዎም ብቻዎን አይሆኑም።»

አልጣሽ እጇ ላይ ያለውን ክር ስታየው ቆየች። «ብቻዬን መሆኔን ማን ነገረዎ?» አለችው። ጥጋቡ ይቅርታ ጠይቆ ወጣ። ሰሙ ከእሳቱ ላይ ከመጠን በላይ ቆይቶ ጠቆረባት። ያን ዕለት የሠራችው ጧፍ አልነበረም።

አቤቱታውን ደብረ ታቦር ለማድረስ መሪጌታና አልጣሽ ሄዱ። ሌሎቹ የአጨዳ ጊዜ ነው ብለው ቀሩ። በጭነት መኪና ላይ ከማሽላ ጆንያ ጋር ተቀምጠው፣ አቧራ ለብሰው ደረሱ። በአውራጃው ጽሕፈት ቤት ደጅ ዘጠኝ ቀን ተቀመጡ። መሪጌታ ዳዊታቸውን ይደግማሉ፤ አልጣሽ ዝም ብላ ታዳምጣለች። በኋላ ስትናገር፣ ባሏ ከሞቱ ወዲህ ከሰው ጋር ውላ ያደረችባቸው ደስ የሚሉ ቀናት እነዚያ ዘጠኙ ነበሩ። በአሥረኛው ቀን ቦታውን አይቶ የሚመረምር ሹም እንደሚላክ ተነገራቸው።

ሹሙ ኅዳር መጨረሻ ላይ መጣ፤ ኮት የለበሰ ረጋ ያለ ወጣት ነው። ጥጋቡ «ከፎቁ ላይ ሆኖ የሚታየው ዛፍና ሰማይ ብቻ ነው» ሲል፣ ካህናቱ «ቅጽሩ ውስጥ ነው» ሲሉ፣ ሹሙ «እንግዲያው ልይ» አለ። ከሜዳው ዳር አንድ ትልቅ ጥድ ነበር። የጥጋቡ ግንበኛ በገመድ ለክቶ የሦስተኛው ፎቅ መስኮት የሚደርስበትን ቅርንጫፍ አሳየ። ሁለት መሰላል አጋጥመው አሰሩና ሹሙ ኮቱን አውልቆ ወጣ። ሰፈሩ ሁሉ ከሥር ቆሞ ወደ ላይ ያያል።

አልጣሽ ግን እዚያ አልነበረችም። መሰላሉን ሲያስሩ ልቧ ፈርቶ ወደ ቅጽሩ ውስጥ ገብታ ነበር። ከየኔታ አበጀ መቃብር ራስጌ ተቀምጣ ነጠላዋን አውልቃ ጭኗ ላይ አድርጋ፣ «ዛሬ ይለይልናል» አለቻቸው። «ቢፈርዱብን ምን እላለሁ? ሰው ሊያመጣ የመጣን ሰው ለምን ትከለክያለሽ ቢሉኝ ምን እላለሁ? እውነቱን ልንገርዎት፤ ጥጋቡ ሲናገር ልቤ ወደደው። ድምፅ ናፈቀኝ። ግን አንቱን የማዋይበት ቦታ እንዳይቀርብኝ ፈራሁ።» ይህን ስትል አለቀሰች። ሰው እንዳላያት አውቃ እንደምታለቅስ ሴት፣ አፏን ሳትሸፍን አለቀሰች።

ሹሙ ከዛፉ ሲወርድ ፊቱ ተለውጦ ነበር። እጁን በሱሪው ጠረገና «እዚያ ላይ ሆኜ አንዲት ሴት መቃብር ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ አየሁ» አለ። «ስትናገርም አየሁ። የተናገረችውን አልሰማሁም፤ ግን ማየት አይገባኝም ነበር። ይህ በየቀኑ የሚታይ ከሆነ የሰዎቹ አቤቱታ እውነት ነው።» በዚያ ሜዳ ላይ ከደብሩ ቅጽር ከፍ የሚል ቤት እንዳይሠራ ተብሎ ተጻፈ።

ሰፈሩ እልል አለ። ካሣነሽ ሮጣ ቅጽር ገብታ አልጣሽን አቀፈቻት። «በአንቺ ተረታ፣ እቴ! አየሽ፣ ሹሙ አንቺን አይቶ ነው የፈረደልን።»

አልጣሽ ነጠላዋን ሰብስባ ለበሰች። «አየኝ?» አለች። «ሲናገርም ሰፈሩ ሁሉ ሰማ?»

«ሁሉ ሰማ።»

ከዚያ ቀን በኋላ መቃብሩ ዘንድ ስትሄድ ቆማ ተሳልማ ትመለሳለች እንጂ አልተቀመጠችም፤ አላወራችምም። ማንም ከላይ የሚያያት እንደሌለ ታውቃለች። ቢሆንም አፏ እንቢ አላት።

ጥጋቡ አልተቀየመም። ችካሉን ነቅሎ ታች ወረደና አውቶቡስ ከሚቆምበት ዳር ፎቁን ሠራ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ዙሪያው በቆርቆሮ ቤት ተሞላ፤ ወፍጮ መጣ፣ ልብስ ሰፊ መጣ። ላይ ሰፈርም ቀስ እያለ ወደ ታች መፍሰስ ጀመረ። መጀመሪያ የካሣነሽ ባል ሱቅ ከፈተ፤ ቀጥሎ ካሣነሽ «ልጆቹ ለትምህርት ቤት ይቀርባቸዋል» ብላ ዕቃዋን አወረደች። እንደዚያ «ሰካራም አልፈልግም» ያለችው ሴት ከመጠጥ ቤቱ ፊት ለፊት ቤት ተከራየች። ሌሎችም ተከተሉ። መሪጌታ ተክለ ማርያም ወደ ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ አጠገብ ወዳለ ደብር ተሾሙ። ሲሰናበቱ አልጣሽን «ያንን አቤቱታ በመጻፌ አልጸጸትም» አሏት። «እኔም አውራ ጣቴን በመንከሬ አልጸጸትም፣ መሪጌታ» አለቻቸው።

በ1963 ዓ.ም. በላይ ሰፈር ጭስ የሚወጣበት የእሷ ቤትና የአንድ ዓይነ ስውር ቄስ ቤት ብቻ ቀረ። በዚያው ዓመት ቄሱን ልጃቸው መጥቶ ወሰዳቸው።

አልጣሽ ጥር ላይ ቤቷን ቆልፋ ወደ ስማዳ፣ ወደ ተወለደችበት ቀዬ ሄደች። ወንድሟ ካሳ ከሞተ ቆይቷል፤ ልጆቹ ከወገዳ በታች ያርሳሉ። አክብረው ተቀበሏት። እግሯን አጠቧት፣ ዶሮ አረዱላት፣ አልጋ ለቀቁላት። በወንድሟ ልጆች ፊት ላይ ወንድሟን ስትፈልግ ሰነበተች። የቤቱ ወግ ሁሉ ስለማታውቀው በሬ፣ ስለማታውቀው ማሳ፣ ስለማታውቀው ሙግት ነው። እሷ ስትናገር ሁሉም ዝም ብለው በአክብሮት ያዳምጣሉ፤ ስትጨርስ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። በስድስተኛው ቀን ትልቁ ልጅ አዱኛ፣ «አክስቴ፣ በቅሎዋን መቼ እንጫንልዎት? ለውቂያ ያዋስናት ናትና ቀኑን እንድናውቅ» አላት። አነጋገሩ ክፋት አልነበረበትም።

«ነገ» አለችው።

መካነ ኢየሱስ ስትደርስ የገበያ ቀን ነበር። ካሣነሽ ከሱቃቸው ደጅ አየቻትና ወጥታ ሳመቻት።

«እዚያው የምትቀሪ መስሎኝ ነበር።»

«እኔም መስሎኝ ነበር።»

«እዚህ ጓዳ ክፍት ቦታ አለ። ለምን አትገቢም? እዚያ ላይ ከጅብ ጋር ምን ታደርጊያለሽ?»

አልጣሽ ወደ ሱቁ ውስጥ አየች። ሬዲዮ ይዘፍናል፣ ልጆቹ አድገው ይገፋፋሉ፣ አንድ ሰው ጨው ያስመዝናል። ለጥቂት ጊዜ ቁጭ አለች፤ ጠላ ሰጧት፤ ጠጣች። ካሣነሽ ደንበኛ እየመጣባት ሦስት ጊዜ ተነሣች፤ በአራተኛው አልተመለሰችም። አልጣሽ ብርጭቆውን መደቡ ላይ አኑራ፣ ከጎረቤቱ ሱቅ ሰም ገዝታ ዳገቱን ጀመረች። በማግስቱ በዓል ስለነበረ ደብሩ ጧፍ ያስፈልገው ነበር።