አንድ ፊደል የጎደለው ቆርቆሮ

ስሜ ሰይድ ነው። ከሚሴ ላይ «ሰይድ» ብላችሁ ብትጣሩ መንገዱ ሁሉ ዞር ይላል፤ «ሰዓሊው ሰይድ» ካላችሁ ግን የምዞረው እኔ ብቻ ነኝ። የሥዕል ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ፣ የብሩሽ አያያዝ የሚያሳየኝ ሰው ሳይኖር፣ ቀለሙን ከመሬት አንስቼ፣ ሸራውን ከጆንያ ቀድጄ፣ በሠራሁት ሥዕል ቤቴን አቁሜያለሁ። ከጨፋ ሮቢት እስከ ባቲ ይህን ያደረገ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ፤ ሁለተኛው ገና አልተወለደም። ኩራት መስሎ ከታያችሁ ልክ ናችሁ፣ ኩራት ነው።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ የዶሮ ቤት ነው። ባለፈው ሰሞን የጎረቤታችንን የሩቂያን የዶሮ ቤት ጣሪያ ንፋስ ገለበጠውና፣ ዶሮዎቿ በየጓሮው ሲራወጡ ቆርቆሮውን ላነሳላት ጎንበስ ስል ከዝገቱ ሥር ሰማያዊ ፊደሎች አየሁ። በመዳፌ ጠረግ ጠረግ አደረግኩት፤ ወዲያው አወቅኩት። ይህን ሁሉ ዓመት ዶሮዎች ከሥሩ ሲያንቀላፉ የኖሩት ቆርቆሮ፣ በዕድሜዬ እጅግ የረካሁባት ቀን ምስክር ነው። ሩቂያ «አባባ ሰይድ፣ ምን ያስቅዎታል?» አለችኝ። ለእሷ አልነገርኳትም፤ ለእናንተ እነግራችኋለሁ።

ነገሩ ከእናቴ እጅ ይጀምራል። ዒድ በቀረበ ቁጥር እናቴ እበትና አመድ ከወንዝ ዳር ከምታመጣው ቀይ አፈር ጋር ለውሳ የቤታችንን ግድግዳ ትለቀልቅ ነበር፤ እኔም ልስኑ ሳይደርቅ ከኋላዋ እየተከተልኩ በጣቶቼ ጥልፍልፍና የውሃ ሞገድ እሥልበታለሁ። መጀመሪያ ላይ ዋጋዬ ኩርኩም ነበር። በኋላ የጎረቤት ሴቶች «ለእኛም ላኪልን» ማለት ሲጀምሩ ኩርኩሙ ቀረና፣ በሰባት ዓመቴ የሰፈሩ ሁሉ ግድግዳ በእጄ ገባ። እናቴ «ብቻ ፊት ያለው ነገር እንዳትሥል፤ ነፍስ ስጠው ብትባል ከየት ታመጣለህ?» ትለኝ ነበር፤ እኔም እስከ ዛሬ ፊት ሥዬ አላውቅም። ያ የእርጥብ እበትና የአመድ ሽታ ለሌላ ሰው የከብት ሽታ ነው፤ ለእኔ ግን የዒድ ዋዜማ ሽታ ነው፣ የአዲስ ልብስ እጥፋት፣ እስከ ክርኗ ቀይ የሆነ የእናቴ ክንድ።

ደርግ በወደቀ ማግስት ከአስፋልቱ ዳር አንዲት ክፍል ተከራይቼ ያንኑ ግድግዳ ወደ ሥዕል አመጣሁት። ጆንያ በእንጨት ላይ እወጥርና እበትና አመድ እለቀልቅበታለሁ፤ ፀሐይ ላይ ሲሰነጣጠቅ በየስንጥቁ ሂና አፈስበታለሁ፤ ጥቁር ሲያስፈልገኝ ያለቀ የሬዲዮ ባትሪ ሰብሬ ውስጡን እወቅጣለሁ። ማጣበቂያ ቸግሮኝ የቁልቋል ወተት የሞከርኩ ጊዜ ዓይኔ አብጦ ሳምንት ሙሉ በአንድ ዓይን ሠርቻለሁ፤ የዚያ ሳምንት ሥዕሎች ናቸው ደግሞ ቶሎ የተሸጡት። ባለቤቴ ዘይነባ አጠገቤ ተቀምጣ ከቃጫ ቦርሳ ትሠራለች፣ እኔ ያቀለምኩትን ቅል አንገቱን በቆዳ ትለጉማለች። ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ እንወርዳለን፤ ግመል ይዘው ከቆላ የሚመጡት ሰዎች ቅሉን አገላብጠው፣ አንኳኩተው፣ ጆሯቸው ላይ አስጠግተው አዳምጠው ነበር የሚገዙን።

በኋላ ሐጂ ሙሄ አስፋልቱ ላይ ትልቅ ምግብ ቤት ማሠራት ጀመሩ። «ሰይዶ፣ ትልቁን ግድግዳ ያንተ አድርገው» አሉኝ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚያልፍ መንገደኛ ሁሉ ምሳውን እየበላ የሚያየው ግድግዳ ነው። ሥራው ሳይጀመር ስንት ጊዜ በሐሳቤ እንደለቀለቅኩት አላህ ያውቃል።

ይህን ጊዜ ከማል የሚባል ሰዓሊ ከደሴ መጥቶ ሱቅ ከፈተ። ዲፕሎማውን በመስታወት አስገብቶ ሱቁ ውስጥ ከሥዕሎቹ ሁሉ ከፍ አድርጎ የሰቀለ ሰው ነው። አንድ የገበያ ቀን ሐጂ ሙሄ ሱቄ ፊት ቆመው ለግድግዳው የሠራሁትን ናሙና ሲያዩ፣ ከማል ጠጋ አለና ሥዕሌን አንስቶ አሸተተው። ከዚያም ገበያው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ፣ «ሰይዶ፣ ይሄ የሚሰቀል ነው የሚነድ?» አለኝ።

«ለክረምት አስቀምጥልን፣ ማገዶ ሲጠፋ እንወስደዋለን!» አለ ሌላው። ከወዲያ ደግሞ አንዱ «ሰይድ ዾቄ!» ብሎ ጮኸ። ዾቄ በኦሮምኛ ጭቃ ማለት ነው። የከሚሴ ሰው ስም ካወጣ አይመልስም። ሐጂ ሙሄም ሳቁ፤ ሳቃቸውን ሲጨርሱ ግድግዳውን ለከማል ሰጡት። ሴቶቹ የዘይነባን ቦርሳ እንኳ ከመግዛታቸው በፊት ማሽተት ጀመሩ፤ እሷም አንድ ቀን ያልተሸጠውን ሁሉ ሰብስባ፣ ሳሙና ይዛ ወንዝ ወረደች። ይህን ይቅር አላልኩም። ዛሬም አላልኩም።

ከማል ግድግዳው ላይ ምን ሣለ መሰላችሁ? ፏፏቴ፤ ከፏፏቴው በላይ በረዶ የለበሰ ተራራ፣ ከሥሩ ሁለት አጋዘን። በጨፋ ሙቀት ላቡን እየጠረገ ሩዝ ለሚበላ ሰው በረዶ!

ምግብ ቤቱ ሊመረቅ ሦስት ቀን ሲቀረው ከማል ብቻውን ሱቄ መጣ። የበሩ ማስታወቂያ በአማርኛም በኦሮምኛም መጻፍ ነበረበት፤ ኦሮምኛው በቁቤ፣ በላቲን ፊደል ማለት ነው፣ ያኔ ገና አዲስ ነገር ነበር። ከማል ደግሞ ደሴ ያደገ፣ ኦሮምኛው «አከም» ከሚለው ሰላምታ የማያልፍ ሰው ነው። እኔ አፌን የፈታሁት በሁለቱም ነው፤ ቁቤውንም ማንም ሳያስተምረኝ ከልጄ ደብተር ላይ ለይቼዋለሁ።

«ጋሽ ሰይድ» አለኝ። ገበያ ፊት ሰይዶ፣ ለብቻ ጋሽ ሰይድ! «ምግብ ቤት በኦሮምኛ እንዴት ነው የሚጻፈው? ብቻ እኔ መጥቼ እንደጠየቅኩዎት ለሰው እንዳይነግሩብኝ።»

«አብሽር፣ ከማሎ» አልኩት።

ምግብ ቤት «መነ ኛታ» ነው። በቁቤ ሲጻፍ መጨረሻው ላይ ሁለት ኤ አለ፤ አንዷ ከወደቀች «ኛታ» «ኛተ» ይሆናል፤ «መነ ኛተ» ደግሞ «ቤት ይበላል» ማለት ነው። በሲጋራ ካርቶን ጀርባ ላይ አሳምሬ፣ ሳልቸኩል ጻፍኩለት። መጨረሻዋ ፊደል ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ዘይነባ ከቃጫዋ ቀና ብላ አየችኝ፤ ጽሑፍ አታነብም፣ ፊቴን ግን ታነባለች። ፊደሏን ሳልጽፋት ካርቶኑን ሰጠሁት።

«ልክ ነው?» አለኝ።

«እንዳለ ገልብጠው» አልኩት።

የምርቃቱ ቀን ከተማው ወጣ። ዱዓ ተደረገ፣ ማስታወቂያው የተሸፈነበት ጨርቅ ወረደ፤ ሰማያዊው ቀለም ያብለጨልጫል፤ እውነቱን ለመናገር የከማል የፊደል አጣጣል ያምር ነበር። አንድ ወጣት የቢሮ ሠራተኛ ጮክ ብሎ አነበበ፤ «መነ... ኛተ?» ከጨፋ የመጣ የበሬ ነጋዴ ዱላውን ተደግፎ፣ «ሐጂ፣ መነ ኤኙ ኛተ?» አለ፤ የማንን ቤት ነው የሚበላው ማለቱ ነው። ሌላው ተቀበለው፤ «የእኔ ቤት የጭቃ ነው ሐጂ፣ ይስማማዎታል?» ሰው ሆዱን ይዞ አስፋልት ላይ ተቀመጠ። ስም አወጣጡን ታውቁታላችሁ፤ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ የሐጂ ሙሄ ምግብ ቤት «ቤት በላ» ተባለ።

ሐጂ ፊታቸው ጠቁሮ ወደ ከማል ዞሩ። «ማነው የጻፈልህ?»

ካርቶኑ የደረት ኪሱ ውስጥ ነበር። እጁ ወደ ኪሱ ሄዶ መንገድ ላይ ሲቆም አየሁት። ባለ ዲፕሎማው ሰው፣ «ዾቄ ዘንድ ሄጄ ለመንኩ» ይበል እንዴ? «ራሴ ነኝ» አለ። እንደዚያ እንደሚል አውቅ ነበር። ቀለም ከምቀምመው በላይ ያን መልስ ቀምሜው ነበር። ቆርቆሮው በዚያው ቀን ተነቅሎ ወረደ፤ በማግስቱ ሐጂ ሙሄ ራሳቸው ደጄ መጥተው ቆሙና ግድግዳውን መለሱልኝ።

ከማል ዕቃውን ጭኖ ወደ ደሴ ሲመለስ በሱቄ በኩል አለፈ። ይሰድበኛል ብዬ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። ካርቶኑን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና፣ ለግድግዳው የጀመርኩትን ሥዕል ቆሞ ያይ ጀመር። ራቅ ብሎ፣ ቀረብ ብሎ፣ ጎንበስ ብሎ አየው፤ ሳያሸት። «ጥቁሩ ግሩም ነው፣ ጋሽ ሰይድ። ቀዩ ግን በዝቷል» ብሎኝ ወጣ።

እንግዲህ ያደረግኩትን ልቁጠርላችሁ። የሐጂ ሙሄን ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር በእበት፣ በአመድና በሂና ሠርቻለሁ፤ ምግብ ቤቱ ፈርሶ ባለ መስታወት ፎቅ እስኪሆን ድረስ አንድም ቦታ ሳይረግፍ ቆሟል። ዾቄ የሚለውን ስድብ ሱቄ በር ላይ በትልቁ ጽፌ የሱቄ ስም አድርጌዋለሁ፤ በቁቤም ጽፌዋለሁ፣ አንድ ፊደል ሳላጎድል። ማገዶ ሲጠፋ እንወስደዋለን ያለኝ ሰው ለሴት ልጁ ሠርግ ሦስት ሥዕል ከእኔ ወስዷል፤ ወረፋም አስጠብቄዋለሁ። ዘይነባ እስከ ዕለተ ሞቷ ድረስ ሁለተኛ ቦርሳ ለማጠብ ወንዝ አልወረደችም። አንድ ባለ ዲፕሎማ በአንዲት ፊደል ከከሚሴ አስወጥቻለሁ፤ አልጸጸትም። ለሩቂያ አዲስ ቆርቆሮ ገዝቼ አሮጌውን ወስጃለሁ፤ አሁን ይህን ስጽፍ ከራሴ በላይ ተሰቅሏል።

ቀዩንም ቀንሻለሁ። ከማል በወጣበት ቀን፣ አቧራው ሳይበርድ ቀነስኩት። ልክ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሥዕሌን ያየ ሰው ሁሉ «ማሻአላህ» ብሎ ያልፋል፤ ምን እንደበዛ የሚነግረኝ አንድም ሰው አልመጣም።