የአበልጄ ፊርማ

አበልጄን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳትም። የንስሐ አባቴም ያውቃሉ፤ መክረው መክረው ሲደክማቸው ትተውኛል።

ጦርነቱ ሐርጌሳን ባፈረሰበት ክረምት አንዲት ሴት ጅጅጋ ቤቴ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ አገኘኋት። ከሐርጌሳ ሸሽታ ነው የመጣችው። ባሏ "ጅጅጋ ጠብቂኝ፣ እደርስብሻለሁ" ብሏት ወደ ኋላ ቀርቷል። ስደተኛ ሁሉ ወደ ካምፕ ይጫን ነበርና ያለ ወረቀት ከተማ ውስጥ መቀመጥ አይቻልም። ካምፕ ከገባች ደግሞ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል ባሏ እንደማያገኛት እያሰበች ታለቅሳለች። አስገባኋት። እኔ እዚያው ጅጅጋ የተወለድኩ የወታደር ልጅ ነኝ፤ ሶማልኛ ያደግሁበት ነው። ከተማዋ በሶማሊያ ጦር በተያዘች ጊዜ እናቴንና እኔን ደብቃ ያተረፈችን ሶማሌ ጎረቤታችን ናት። ታዲያ በምን አንጀቴ በሬን ልዝጋባት?

የቀበሌ መታወቂያ ለማውጣት "የዚሁ አገር፣ የባቢሌ ሰው ናት፣ እናውቃታለን" ብለው የሚፈርሙ ሁለት ዋሶች ያስፈልጋሉ። አንዷ እኔ ሆንኩ። ሁለተኛዋን ፍለጋ ሩቅ አልሄድኩም፤ ልጄን ክርስትና ያነሳችልኝ፣ ትምህርት ቤትም አብራኝ የምታስተምር አበልጄ አለች። አንድም ሳልደብቅ እውነቱን ነገርኳት።

"ለአበልጄ ያልፈረምኩ ለማን ልፈርም ነው?" አለችና ፈረመች። የማታመነታ ሴት በመሆኗ ኮራሁባት፤ ሞኝ!

ሳምንት እንኳ ሳይሞላ የቀበሌው ሊቀመንበር "ወረቀቷ ደርሷል፤ ራስሽ ይዘሻት ነይ" ብሎ ላከብኝ። ሴትየዋ በደስታ ጉንጬን ሳመችኝ። እጇን ይዤ ወሰድኳት።

ቢሮው ውስጥ ሁለት የአብዮት ጥበቃዎች ቆመዋል። ሊቀመንበሩ አንድ ደብዳቤ ገፋ አደረገልኝ። የአበልጄ እጅ ጽሑፍ ነው። "ተታልዬ ስለ ፈረምኩ ዋስትናዬን አንስቻለሁ። ሴትየዋ ከሐርጌሳ የመጣች መሆኗን አሁን ደርሼበታለሁ" ይላል። አሁን! ሳትፈርም በፊት እኔው በአፌ የነገርኳትን! ቀኑን ሳየው ቤቴ ምሳ በልታ፣ ሴትየዋን "አይዞሽ" ብላ የሄደችበት ዕለት ነው። ዝውውር ጠይቃ ኖሮ ስሟ እንዳይነሳባት ፈርታ እንደሆነ ኋላ ሰማሁ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ የሚባለው ለኔ ነው።

"በአንድ ዋስ አይሆንም፤ አንቺም እንዳልታሰርሽ አመስግኚ" አለኝ ሊቀመንበሩ።

ሴትየዋ አማርኛ አትሰማም፣ አታነብም። ያየችው እኔ እጇን ይዤ ሳስገባትና ሰዎቹ ሲይዟት ብቻ ነው። ወደ ካምፕ እስከሚጭናት መኪና ድረስ "እኔ አይደለሁም፣ በልጄ እምላለሁ" እያልኩ ተከተልኳት። መኪናው ላይ ከወጣች በኋላ ዞር ብላ በሶማልኛ፣

"ባሌ ከመጣ የት እንደ ወሰዱኝ ንገሪው። እሱን እንኳ አትሽጪው" አለችኝ።