ወደ ግራ የሚዞረው ዳማ

ባለቤቴ በሕይወቱ ፈረስ ላይ ተቀምጦ አያውቅም። በቅሎ ላይ አንዴ ወጥቷል፤ የሠርጋችን ዕለት፣ ያውም ሌላ ሰው እየሳበለት። ነገር ግን አዲስ አበባ ሳለን እሑድ እሑድ ጃንሜዳ የሚደረገው የፈረስ እሽቅድምድም አምልጦት አያውቅም ነበር። አስቀድሶ በቀጥታ ወደዚያ ነው። ይወራረዳል፣ ይሸነፋል፣ ቤት ይመጣል፣ ምሳውን እየበላ ፈረሱ ለምን እንደተሸነፈ ያስረዳኛል። ጥፋቱ ሁልጊዜ የጋላቢው ነበር።

በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ባለቤቴ ፍርድ ቤት በጸሐፊነት ተመድቦ ወደ አሰላ ተዛወርን። አሰላ ያኔ ብርዱ አጥንት የሚነካ፣ ገብሱ የሚያምር፣ ሽማግሌው ሳይቀር ፈረስ የሚጋልብበት አገር ነበር። ገበያ ቀን ከበቆጂ በኩል የሚመጡት ባላገሮች ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ቀጥ ብለው ተቀምጠው በደጃችን ያልፋሉ። ባለቤቴ በራፍ ላይ ቆሞ እያያቸው ይተክዛል።

"ይሄ ሁሉ ፈረስ" ይለኛል፣ "ገበያ ነው የሚሄደው።"

"ታዲያ የት ይሂድ?"

"አይሽቀዳደሙም እኮ!"

ጎረቤታችን የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። መካ ደርሰው ስለመጡ ከተማው ሁሉ ሀጂ ይላቸዋል፤ እኛም ሀጂ አልናቸው። ነጭ ፈረስ ነበራቸው። ውፍረታቸውን ያየ ሰው ከቤታቸው እስከ ሱቃቸው በእግራቸው የሚደርሱ አይመስለውም። ፈረሱ ላይ ሲወጡ ግን ሌላ ሰው ይሆናሉ፤ ክብደታቸው ወዴት እንደሚሄድ አላውቅም።

ከባለቤቴ ጋር ያገናኛቸው አጥሩና ጋዜጣው ነው። ጋዜጣ አሰላ የሚደርሰው ሰንብቶ ስለነበር የጃንሜዳው ውጤት ሲመጣ ፈረሶቹ ድካማቸውን እንኳ ረስተውታል። ቢሆንም ባለቤቴ ውጤቱን በመዳፉ ሸፍኖ የተሰለፉትን ፈረሶች ብቻ ያነብና "እንወራረድ ሀጂ" ይላል።

"ቁማር ሐራም ነው" ይላሉ ሀጂ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ "ለመሆኑ የትኛውን መረጥክ?"

"ዳማውን።"

"እኔ ብሆን ግራጫውን ነበር።"

ከዚያ ባለቤቴ መዳፉን ያነሳል። ገንዘብ የሚባል ነገር የለበትም። የተሸነፈው ዝም ይላል፣ ያሸነፈው ያወራል። ባለቤቴ በዚያ ዓመት ብዙ ዝም አለ።

እኔ ለነገሩ ደንታም አልነበረኝ። ፈረስ ለእኔ እግር ያለው የባለቤቴ ችግር ነበር።

በጥቅምት ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ አዲስ አበባ ሄደ። ልብሳችን እስከዚያ ድረስ ሻንጣ ውስጥ ስለነበር ሲመለስ ቁም ሣጥን ገዝቶ እንዲመጣ ተነጋግረን ነበር። ከሳምንት በኋላ አንድ የጭነት መኪና ደጃችን ቆመ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። መኪናው ላይ በሸራ የተሸፈነ፣ ቁመቱ ልክ ቁም ሣጥን የሚያህል ነገር ቆሟል። ሸራው ሲነሳ ጆሮ አለው።

"ይሄ ምንድን ነው?" አልኩት፣ ከሹፌሩ ጎን ለወረደው ባለቤቴ።

"ዳማው ነው።"

"የትኛው ዳማ?"

"ስነግርሽ የኖርኩት ነዋ!"

ነገሩን ያስረዳኝ ፈረሱ ከመኪና እስኪወርድ ነው፤ ለመውረድ ደግሞ ረጅም ጊዜ ወሰደበት። ከውጭ አገር በመርከብ የመጣ፣ ለእሽቅድምድም ብቻ ተብሎ የሚዳቀል ዘር ነው። ጃንሜዳ ሲሮጥ ኖሮ ዕድሜው ስለገፋ ከውድድር አወጡት። ባለቤቴ ስንት ዓመት ሲወራረድበት ያሸነፈለት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።

"ታዲያ ለምን ገዛኸው?"

"ሌላ ሰው እንዳይገዛው" አለኝ።

እኔም ልብሳችን ያለበትን ሻንጣ መልሼ ቆለፍኩ።

ዳማው የአሰላ ብርድ አልተስማማውም። ቀይ ቡናማ ቆዳው ስስ ነው፤ ነፋስ ሲነካው ይንቀጠቀጣል። ባለቤቴ ከአልጋችን ላይ ብርድ ልብሱን አንስቶ አለበሰው። ዶሮ ይፈራል። የወንዝ ውሃ አይጠጣም፣ የባልዲ እንጂ። ሀጂ አጥሩ ላይ ተደግፈው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

"እግሩ ረጅም ነው" አሉ።

"አዎ!" አለ ባለቤቴ።

"አንገቱም ረጅም ነው።"

"አዎ!"

"ግመል አይተህ ታውቃለህ?"

ውድድሩ የተወሰነው በዚያች ደቂቃ ነው። ባለቤቴ ደሙ ፈልቶ "ይሞከራ!" አለ፤ ሀጂም "ይሞከር" አሉ። አዝመራው ሲነሳ በጥር፣ ከከተማው ዳር ካለው ሜዳ ተነስተው፣ ወዲያ ማዶ ብቻውን የቆመውን ጥድ ዞረው ሊመለሱ ተስማሙ።

የሀጂን ባለቤት እኛም እንደ አካባቢው ሰው በአክብሮት አዴ እንላቸዋለን። በማግስቱ ጠዋት "አካም ቡልቴ" ብለውኝ፣ እኔም አዳሬን ነግሬያቸው፣ ዓይናቸውን ወደ ጋጣው ወረወሩ።

"ምስኪን" አሉ። "ብርድ ልብስ ለብሶ ሲያዩት ያሳዝናል። ልጄ፣ ባልሽ ለምን ያዋርደዋል?"

እኔ ያንን ፈረስ ቁም ሣጥን ባለመሆኑ ቂም ይዤበት ነበር። ግን ሌላ ሰው "ምስኪን" ሲለው አልወደድኩትም።

"ያሸንፋል" አልኩ። ከአፌ ሲወጣ እኔንም ገረመኝ።

"ይሄ?"

"ይሄ። ከፈለጉ እንወራረድ።"

"ገንዘብ አይሆንም።"

"ገንዘብ ማን አነሳ?"

ተደራደርን። የተሸነፈችው አንድ ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት አጥሩ ጋ መጥታ "የእናንተ ፈረስ ይበልጣል" ትላለች። አዴ ነገሩ ቁማር ይሁን አይሁን ጥቂት አሰቡበት። "ይሄ ሰላምታ ነው" ብለው ተስማሙ።

ባለቤቴ መጋለብ እንደማይችል ከተማው ያወቀው ጋላቢ ሲፈልግ ነው። ሰው ሁሉ የሚያፌዝበት መስሎኝ ነበር፤ ግን አዘኑለት፤ ያ ባሰው። በመጨረሻ የሆስፒታሉ ዘበኛ እሺ አለ። ድሮ በጦር ሠራዊት ፈረሰኛ ነበርኩ የሚል፣ ቀጭን፣ ባርኔጣውን ተኝቶም የማያወልቅ የመንዝ ሰው ነው። ባለቤቴ ማታ ማታ ቤት እየጠራው እንዴት እንደሚጋለብ ያስተምረው ነበር። ዘበኛው በትዕግሥት እያዳመጠ እራቱን ይበላል።

ቀኑ ደረሰ። ገበያተኛው እቃውን አስቀምጦ መጣ፤ መምህራኑ መጡ፤ ከሁሩታ ድረስ ፈረስ ጭነው የመጡ ነበሩ። አንድ የፖሊስ አሥር አለቃ ነጭ መሐረብ ይዞ መሬት ላይ በዱላ መስመር አሰመረ። መነሻውም መድረሻውም እሱ ነው። ሀጂ ነጩ ላይ ተቀምጠው ከሰው ጋር ያወራሉ። ዳማው ብርድ ልብሱ ሲነሳለት መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ሕዝቡን አየ። ጆሮውን ቀጥ አደረገ፣ አንገቱን አቀና፣ መሬቱን በኮቴው መታ። ያ ዶሮ የሚፈራ ፈረስ አልነበረም። ባለቤቴን ዘወር ብዬ ባየው ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

መሐረቡ ወረደ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በትክክል መናገር ይቸግረኛል፤ ምክንያቱም እየጮኽኩ ነበር። ዳማው የሄደው እንደ ፈረስ አይደለም፤ እንደ ተወረወረ ነገር ነው። የዘበኛው ባርኔጣ ወደ ኋላ በረረ። ነጩ ገና ግልቢያ ሲጀምር ዳማው እሩቅ ነበር። ሕዝቡ በአንድ ድምፅ "ኧረ!" አለ። አዴ እጄን ያዙኝ፤ ማን ማንን እንደሚደግፍ አላውቅም።

ጥዱ ጋ ሊደርስ ሲል ዳማው ወደ ግራ ታጠፈ።

ዘበኛው ልጓሙን በሁለት እጁ ሲጎትት ከዚህ ይታያል። ዳማው ግን ዕድሜውን ሙሉ ጃንሜዳ ወደ ግራ ሲዞር የኖረ ነው፤ ቀጥ ብሎ ሄዶ ዛፍ ዞሮ መመለስ የሚባል ነገር ማንም አልነገረውም። ትልቅ ክብ ሠራ። ገብስ የሚበራይበት አውድማ መሐሉ ላይ ገጠመው፤ አውድማውን አቋርጦ፣ ክምሩን በትኖ፣ በሬዎቹን አስበርግጎ አለፈ። ከዚያ በሌላ በኩል መጥቶ መስመሩን አልፎ ራሱ ቆመ። ብርድ ልብሱን ጠበቀ።

ሀጂ በዚያን ጊዜ ጥዱን በእርጋታ እየዞሩ ነበር።

"ቀድሞ ገብቷል!" አለ ባለቤቴ።

"ዛፉን ማን ዞረ?" አሉ ሀጂ፣ ሲደርሱ።

"መስመሩን ማን ቀደመ?"

አሥር አለቃው መሐረቡን አጥፎ ኪሱ ከተተና "ይሄ የሽማግሌ ነገር ነው" ብሎ እጁን ታጠበ። ሽማግሌዎች ሣሩ ላይ ተቀመጡ። በኦሮምኛ ጀመሩ፣ ለባለቤቴ ሲሉ በአማርኛ ደገሙት፣ ተመልሰው በኦሮምኛ ተከራከሩ። ባለቤቴ ስለ ጃንሜዳ ሥርዓት ረጅም ንግግር አደረገ። አንደኛው ሽማግሌ በጥሞና ሰምተው፣ "ጃንሜዳ ዛፍ የለም?" ብለው ጠየቁት።

"መሐሉ ላይ የለም።"

"እዚህ አለ" አሉ።

ፍርዱ ይሄ ነበር፦ ፈጣኑ ፈረስ ዳማው ነው፤ ያሸነፈው ፈረስ ነጩ ነው። አውድማው የተበተነበት ገበሬ ደግሞ ካሳ ይገባዋል፤ ዳማው ሄዶ ገብሱን በኮቴው እየረገጠ ያበራይለታል።

በሬና የጭነት ፈረስ በሚሠራበት አውድማ ላይ የጃንሜዳ ፈረስ! ባለቤቴ ያን ሌሊት አልተኛም። በማግስቱ ግን ፍርድ ነውና ይዘነው ሄድን። ገበሬው ዳማውን ከሁለት ፈረሶች ጎን አሰልፎ ገብሱ ላይ አቆመው። ዳማው ክቡን አየ። ወደ ግራ መሆኑን አየ። ጀመረ።

እንዲህ ያለ ማበራየት በአርሲ ታይቶ አያውቅም አሉ። ጎን ያሉት ፈረሶች ምላሳቸው ወጣ። ገበሬው "ቀስ! ቀስ!" እያለ ይከተላል። ሥራው ገና ፀሐይ ሳይከር አለቀ፤ ዳማው ግን መዞሩን አልተወም። ባለቤቴ አውድማው ዳር ቆሞ፣ መጀመሪያ ያፈረውን ረስቶ፣ "በውስጥ በኩል! በውስጥ በኩል ያዘው!" እያለ ይጮኻል። ገበሬው ሲጨርስ ካሳው ተከፍሏል ካለ በኋላ ትንሽ ተቅለስልሶ፣ ለወንድሙም አውድማ እንዳለው ነገረን።

እኔ በበኩሌ ዕዳዬን መክፈል ጀመርኩ። ጠዋት ጠዋት አጥሩ ጋ ሄጄ "የእናንተ ፈረስ ይበልጣል" እላለሁ። አዴ "እግዜር ይስጥልኝ ልጄ" ይላሉ፤ ይሄን የሚሉት ለእኔ ሲሉ በእኔ አነጋገር ነው። አንድ ቀን ትኩሳት ይዞኝ ሳልነሳ ቀረሁ። ረፋዱ ላይ በሩ ተንኳኳ። አዴ የገብስ አጥሚት በጣሳ ይዘው ገቡ፣ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ፣ ግንባሬን ዳሰሱ፣ አጥሚቱን አጠጡኝ። ጨርሼ ጣሳውን ስመልስላቸው አልተነሡም።

"ምነው አዴ?"

"እንዴ፣ የዛሬውን አልነገርሽኝም።"

ነገርኳቸው። መርቀውኝ ሄዱ።

በሚቀጥለው ዓመት ጥር ሲቃረብ ሀጂ ራሳቸው አጥሩ ጋ መጡ። "ዘንድሮ ሩጫው በሜዳው ዙሪያ ይሁን" አሉ።

"ለምን?" አለ ባለቤቴ፣ ወጥመድ መስሎት።

"ሱቄ የሚገባ ሰው ሁሉ፣ 'ያሸነፉት እኮ ዳማው ዛፉን ስለማያውቅ ነው' ይለኛል። ጨርቅ ሊገዛ መጥቶ! ሰለቸኝ።"

በሜዳው ዙሪያ ካስማ ተተከለ፤ ወደ ግራ። ዘበኛው ባርኔጣውን በገመድ አገጩ ላይ አሰረ። እኔ ከፊት ለፊት ቆምኩ። አዴ ስለ ነጩ፣ እኔ ስለ ዳማው፣ ውላችን እንደ አምናው። ስለዚያ ቀን የሚወራ ብዙ ነገር የለም፤ ዳማው ከመነሻው እስከ መድረሻው ማንንም አላስጠጋም። የማስታውሰው ነጠላዬ መሬት ወድቆ ሰው ሲረግጠው፣ ድምፄ ተዘግቶም አፌ ሲከፈት፣ ባለቤቴም ክንዴን ይዞ "ኧረ ሰው ያያል" ሲለኝ ነው። ባለቤቴ! እሱ!

ለሦስት ቀን ድምፄ አልተመለሰም። አዴ በየጠዋቱ መጥተው ዕዳቸውን ሲከፍሉ በእጄ ነበር የምመልስላቸው። ሀጂ ግን ከማንም በላይ ደስ ያላቸው ይመስለኛል። በዚያው ሳምንት አንዲት ቡላ መልክ ያላት ባዝራ ከሲሬ ገበያ ገዝተው መጡና ባለቤቴን ስለ ዳማው በትሕትና አነጋገሩት። በተከታዩ ዓመት እግሩ ከመጠን በላይ የረዘመ፣ ከእናቱ ሆድ ሥር መግባት ያቃተው ውርንጭላ ተወለደ።

ከዚያ የዝውውር ደብዳቤ መጣብን። ዳማውን ፈረስ በበሽታ ወደሚያልቅበት ቆላ መውሰድ አይሆንም ነበር፤ ሀጂ ጋ ቀረ። እርጅናውን በደህና ጨረሰ፤ ብርድ ልብሱንም ሀጂ በወፍራም ቀይረውለት ነበር። ከዓመታት በኋላ ለጥየቃ ስንመለስ በሁሩታም በሲሬም ገበያ "የጃንሜዳ ዘር" እየተባለ የሚሸጠው ፈረስ ብዛት ለጉድ ነው፤ አንድ ሽማግሌ ፈረስ ያን ሁሉ ሊወልድ አይችልም። ግማሾቹ እንዲያውም በቁመታቸው ከአህያ ብዙም አይሻሉም። ባለቤቴ ግን አንዱንም ሳያይ አላለፈም። "እግሩን እይው" ይለኛል። አያለሁ። "ይሄ ይሮጣል" እለዋለሁ፤ ወይም "ይሄስ አይሮጥም" እለዋለሁ፤ ከዚያ ቆመን እንከራከራለን፤ ሻጩም የምንገዛ መስሎት ፈረሱን ወዲያና ወዲህ ያስኬድልናል።