ሰባት ቤት የተቆጠረለት አውሮፕላን

ጎሮ ያለው ቤታችን ውስጥ ወሬ የሚወራው በቁርጥራጭ ነው። ነፋሱ ከምሥራቅ በመጣ ቀን አውሮፕላኖቹ ከቦሌ ተነሥተው የሚያልፉት በጣሪያችን ላይ ስለሆነ፣ ትልቁ ሲመጣ የሚናገረው ሰው አፉን እንደከፈተ ያቆማል፤ የቡፌው ብርጭቆ ተንቀጫቅጮ ሲያበቃ ካቆመበት ይቀጥላል። አባቴ የሞተ ጊዜ ለቅሶ ሊደርሱ የመጡ አንድ አዛውንት «እግዚአብሔር» ብለው ከኛ ጋር አብረው ዝም ካሉ በኋላ፣ ጩኸቱ ሲያልፍ «ያጽናችሁ» አሉ። በዚያ ሁሉ ሐዘን መሀል ሳቃችን አመለጠን። እሳቸውም አብረውን ሳቁ።

እኔ ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ካሉት የልብስ ፋብሪካዎች ባንዱ የስፌት ጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ስፌቱ የዘለለ ኮሌታ ስለቅም ስለምውል ዓይኔ ትንሽ ነገር አያሳልፍም። የሚያልፉትንም አውሮፕላኖች ባየሁ ቁጥር በዓይነት እለያቸዋለሁ፤ ሦስት መቶ ሃምሳ የሚባለው በአብራሪዎቹ መስኮት ዙሪያ ጥቁር መነጽር ያደረገ ይመስላል፣ የክንፉም ጫፍ ወደ ላይ ቀልበስ ያለ ነው። ትሪፕል ሰቨን የሚባለው ደግሞ ሞተሩ ግዙፍ፣ የጅራቱ መጨረሻ በቢላ እንደተቆረጠ ዳቦ ጠፍጣፋ ነው፤ ሲያርፍ በግራም በቀኝም ስድስት ስድስት ጎማ ያወርዳል። ጎማውን ቆጥሬ የጨረስኩ ቀን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፣ ብቻዬን እስቃለሁ። ይህን እውቀቴን ለአሥራ አምስት ዓመት የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ጠያቂ ያገኘሁት ጆሃንስበርግ የምትኖረው ታናሽ እህቴ የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘች ጊዜ ነው። በኛ ቤት የበኩር ልጇን የምትወልድ ሴት የምትታረሰው በእናቷ እጅ ነው፤ ገንፎዋን ሌላ ሰው አያገነፋላትም። እህቴም በስልክ «እማ፣ ብቻዬን ፈራሁ» ብላ አለቀሰች። እናቴ ግን ከማይጨው ወገን ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተጉዛ አዲስ አበባ ከገባች ወዲህ እግሯን ከመሬት አንሥታ አታውቅም። ስልኩን ዘጋችና ምስር መልቀም ጀመረች። እናቴ ምስር ስትለቅም እያሰበች ነው።

«ነይ እስቲ፣ ቁጭ በይ» አለችኝ። «የሚወስደኝ የማን ልጅ ነው?»

«ማን?»

«አውሮፕላኑ ነዋ!»

ሳቄ መጣ። እሷ ግን አልሳቀችም። በሰፈራችን ልጅ ሲዳር ሰባት ቤት የምትቆጥረው እናቴ ናት። ሽማግሌ ተልኮ መልስ ከመሰጠቱ በፊት የልጁ አያት ማን ነበሩ፣ ወንድሞቹ የት ገቡ፣ ዘመዶቹ በምን ሞቱ፣ ሁሉን ጠይቃ ነው የምትፈርደው። አሁን ለራሷ የመጣውን ልትመረምር ነው። እኔም በደስታ ልበር ደረስኩ።

ከትሪፕል ሰቨን ጀመርኩ። በኩሩ ሁለት መቶው ነው፤ ቁመተ ረዥሙ ሦስት መቶ ኢአር ታናሹ ሆኖ በዝናም በብዛትም በለጠው፤ ሩቅ ሂያጁ ሁለት መቶ ኤልአር ተከተለ፤ የመጨረሻው ደግሞ ለመንገደኛ መስኮት እንኳ የለውም፣ አበባና ሥጋ ነው የሚጭነው።

«እነማን ቤት ይኖራሉ?»

«የኛ አገር አሉ፣ ግብፅ አሉ፣ ፈረንሳይ፣ ጃፓን። የዓረቦቹ ቤትማ ሞልተዋል።»

«የት የት ይመላለሳሉ?»

«ጓንዡ፣ ዱባይ፣ ዋሽንግተን። ወደ ዋሽንግተን ሲሄዱ መንገድ ላይ አርፈው ነዳጅ ይጨምራሉ፤ ከኛ ደጋ ሙሉ ጭነት ይዞ መነሣት ይከብዳቸዋል።»

«እኔም ከሾላ ገበያ ዕቃ ተሸክሜ ስመለስ አርፋለሁ፤ ይኼስ ነውር የለውም» አለችና አንዲት ጠጠር ከምስሩ አውጥታ ወረወረች። «በምን በምን ሞቱ?»

ብልህ ልጅ እዚህ ላይ ዝም ትላለች። እኔ ግን እንከን አይቼ ማሳለፍ አልችልበትም፣ እንጀራዬም እሱ ነው። ብዙ ዓመት ተሳፋሪ ሳይሞትበት መብረሩን ነገርኳት። ከዚያም አንዱ ነዳጁ ውስጥ በረዶ ተጋግሮ ሞተሩ ዝሎበት ከማረፊያው ሜዳ አፋፍ እንደወደቀና ሰው እንዳልሞተ፣ ሌላው ሲያርፍ ከግንብ ጋር ተላትሞ ሦስት ሰው እንደሞተ፣ አንዱ ጦርነት ያለበት አገር ላይ ሲያልፍ ተመትቶ ማንም እንዳልተረፈ ነገርኳት። እና አንዱ...

«እና አንዱ?»

«አንዱ ጠፋ።»

«የት ጠፋ?»

«አይታወቅም፣ እማ። ስብርባሪው ጥቂት ተገኘ እንጂ እሱ እስካሁን የት እንዳለ አይታወቅም።»

ምስሩን አስቀመጠች። «የጠፋውን ሳያገኙ ሌላ ሰው ያሳፍራሉ? በዚህ አልሄድም። ሌላ ወገን የለም?»

ሦስት መቶ ሃምሳው አለ አልኳት። ሁለት ወንድማማች ናቸው፤ ዘጠኝ መቶውና ረዘም ያለው አንድ ሺሁ። ከእነሱ አንዱ ሲያርፍ ሜዳው ላይ ከትንሽ አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ ነደደ፤ በትንሹ ውስጥ ከነበሩት የሞቱ አሉ፣ ከሱ ተሳፋሪዎች ግን አንድም ሰው ሳይሞት ሁሉም ወጡ። እናቴ ይህን ሦስት ጊዜ አስደገመችኝና «እየነደደ እንግዶቹን አስወጣ!» አለች። «ይኼ ጨዋ ነው። በዚህ እሄዳለሁ።»

እህቴ ይህን ስትሰማ በስልክ እሳት ጎረሰች። «አንቺ ሴትዮ ጤነኛ ነሽ? ሁሉም አንድ ነው፣ ኖ ፕሮብሌም ብትያት ምናለበት? ጠፋ ብለሽ ትነግሪያታለሽ? በቃ አትመጣም፣ ያለ እናት ልወልድ ነው!» እውነቷን ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ምላሴን ስረግም ከረምኩ።

ትኬቱ ሦስት መቶ ሃምሳው የተመደበበትን ቀን ጠብቆ ተቆረጠ። ለገንፎው ገብስ፣ ለእህቴ አናት ቅቤ ከሾላ መጣ። እናቴ የመስኮት ወንበር ያዘች፤ እኔም ከቤታችን በላይ ስታልፍ እንድታየን ቀዩን ብርድ ልብስ ጣሪያው ላይ ላነጥፍላት ቃል ገባሁ። በመጓዣዋ ጠዋት ታክሲ ውስጥ እያለን የእህቴ ባል መልእክት ላከ፤ ምጥ ጀምሯታል። ለእናቴ አነበብኩላት፤ ነጠላዋን አጠበቀች። ሸኚ ከማያልፍበት በር ላይ ጉንጬን ሳመችና «ሦስት መቶ ሃምሳው ነው አይደል?» አለችኝ።

«እሱ ነው፣ እማ። አጣርቻለሁ።»

እየሮጥኩ ወደ ጎሮ ተመለስኩ። ጣሪያ ላይ ወጥቼ ብርድ ልብሱን ከውሃ ታንከሩ ጎን ዘርግቼ አራቱንም ጫፍ በድንጋይ ያዝኩት። ጎረቤቶች «ምን ሆነሻል?» ሲሉኝ «እናቴ ልታልፍ ነው!» እያልኩ እጮሃለሁ። ሁለት ሰዓት ተኩል አለፈ፣ ሩብ ጉዳይ ለሦስት ሲሆን ያ የማውቀው ጉርምርምታ መጣ። ሁለት እጄን አንሥቼ መዝለል ጀመርኩ።

መነጽር የለውም። የክንፉ ጫፍ አልተቀለበሰም። ጅራቱ የተቆረጠ ዳቦ ነው። ከነጭራሹ ትሪፕል ሰቨን!

ሌላ በረራ ይሆናል ብዬ በስልኬ የበረራ መከታተያውን ከፈትኩ። የጆሃንስበርጉ ነው፣ በመጨረሻ ሰዓት ተቀይሯል። ጣሪያው ላይ ዘጭ ብዬ ተቀመጥኩ። ይህ ያለ ነገር ነው፣ አንዱ ለጥገና ሲገባ ሌላው ይተካል፤ ለእናቴ ግን ማን ይንገራት? አንድም በሩ ላይ ዐውቃ ተመልሳለች፣ እህቴ ብቻዋን ትወልዳለች፤ አለዚያም ሳታውቅ ተሳፍራለች፣ ስትሰማ ልጄ ዋሸችኝ ትላለች። የቱ እንደሚሻል እንኳ መምረጥ አቃተኝ። አንዴ አለቅሳለሁ፣ አንዴ «ቁመቱስ እንዴት ያምራል!» እላለሁ። በዚያን ሰዓት ማማሩን ማየቴ ራሴን አናደደኝ።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ከእህቴ ባል አንድ ቃል መጣ፤ «ደረሱ»። ከዚያ ወዲያ ፀጥ። ሥራ አልገባሁ፣ እህል አልቀመስኩ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ።

«ጣሪያው ዝጓል» አለች እናቴ።

«እማ!»

«ብርድ ልብሱን አየሁት። ጎኑ ያለው ቆርቆሮ ግን ዝጓል፣ ክረምት ሳይገባ ይቀየር። ሴት ልጅ ናት፣ እህትሽም ደኅና ናት።»

ስቄም አልቅሼም ሳልጨርስ ቶሎ ልናዘዝ ብዬ «እማ፣ አውሮፕላኑ እኮ...» አልኳት።

«ዐውቃለሁ። በሩ ላይ ያለችውን ልጅ 'ሦስት መቶ ሃምሳው ነው?' አልኳት። 'አይ እማማ፣ ተቀይሯል፣ ትሪፕል ሰቨን ነው' አለችኝ።»

«እና ገባሽ?!»

«ቆምኩ። ከኋላዬ ሰው ተሰልፏል። ያልሽኝን ሁሉ አሰብኩት፤ የጠፋውን፣ የተመታውን። ከዚያ ብዙ ዓመት ሰው ሳይሞትበት በረረ ያልሽኝም ትዝ አለኝ። ክፉውን ደብቀሽኝ ቢሆን ደጉንም አላምንሽም ነበር። በቀኝ እግሬ ገባሁ።»

ወዲያው ቀጠለች፣ «ይልቅ ይቺ ልጅ፣ አፍንጫዋ...»

ብርጭቆዎቹ መንቀጥቀጥ ጀመሩ። አንድ ትልቅ አውሮፕላን በጣሪያችን ላይ መጣ፣ እኔም ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ጠበቅሁ። እናቴም በዚያ በሩቅ አገር፣ ሆስፒታል ውስጥ ቆማ ጠበቀች። ጩኸቱ ሲያልቅ «የትኛው ነው?» አለችኝ።

ከመስኮቱ አንገቴን አውጥቼ አየሁ። «ሦስት መቶ ሃምሳው።»

«ደኅና ይግባ» አለች። «አፍንጫዋ ያንቺ ነው።»