ውሃው በስንተኛው መጣ?

የክልሉ ኦዲተር ሆነው ረጅም ዘመን ያገለገሉት አቶ ቢያድግልኝ፣ ባደረባቸው ሕመም ቢቸና በሚገኘው ቤታቸው ዐርፈዋል። ላልሰማችሁ ወዳጆቻቸው ይህን መርዶ የምጽፈው እኔ፣ ሪፖርታቸውን እተይብላቸው የነበርኩት የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ሱቅ ሠራተኛ ነኝ።

መንግሥት ለወረዳዎች የመደበው ገንዘብ በትክክል ሥራ ላይ መዋሉን ሊያጣሩ ሲመጡ ሻይ ጋብዛችሁ ያልተቀበሏችሁ ጥቂት አይደላችሁም። እሳቸው መዝገብ ከመክፈታቸው በፊት መዝገቡ ላይ ወደ ተጻፈው ቦታ ይሄዱ ነበር። ጤና ጣቢያ ከሆነ ከሕመምተኞች ጋር አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። የውሃ ጉድጓድ ከሆነ የእጅ ፓምፑን ራሳቸው እየተጫኑ ይቆጥራሉ። ውሃው በስንተኛው እንደ መጣ ጽፈው፣ ከውሃው ጠጥተው ሲያበቁ ነው «እስቲ አሁን ወረቀቱን አምጡት» የሚሉት።

ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ዳር ወይራ ምንጭ የምትባል ጎጥ አለች። አክስቴ ይታይሽ እዚያ ትኖራለች። ለጎጧ የተተከለው ፓምፕ ከተበላሸ ዓመት ሆኖት፣ እሷም እንስራዋን አዝላ ወንዝ መውረዱን ቀጥላ ነበር። በወረቀት ላይ ግን ፓምፑ «ጥሩ አገልግሎት እየሰጠ» ነበር። አቶ ቢያድግልኝ ሄደው ቢጫኑት ጠብ አላለም። በእጃቸው የጻፉት ሪፖርት «ፓምፑ ሁለት ሳምንት ውሃ ሰጥቶ ቆሟል» ይላል።

ያ «ሁለት ሳምንት» ለንዴቴ አነሰኝ። አወጣሁትና «ከተተከለ ጀምሮ አንዲት ጠብታ አልሰጠም» ብዬ ተየብኩ። መኪናው እየጠበቃቸው ስለ ነበር፣ ያን ቀን ብቻ፣ ሳያነቡ ፈረሙ።

ሪፖርቱ የሚሰማበት ስብሰባ ሞጣ ነበር። ኮፒዎቹን ተሸክሜ ሄድኩ። አክስቴም የጎጧን ሰዎች ወክላ መጥታለች። ፓምፑን ከተከለው ተቋራጭ ጎን የተቀመጠ አንድ ኃላፊ ያቺን መስመር ጮክ ብሎ አነበባትና ወደ አክስቴ ዞረ።

«እስቲ እርስዎ ይንገሩን፤ አንዲት ጠብታ አልመጣም?»

«ምን ልዋሽ፤ ሁለት ሳምንትስ ቀድቻለሁ።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ።

«እንግዲህ አንዱ መስመር ሐሰት ከሆነ ሌላውን ምን ብለን እንመን? ሪፖርቱ ውድቅ ይደረግ» አለ ኃላፊው።

ውድቅ ከሆነ ተቋራጩ እጁን አራግፎ ይሄዳል፤ አክስቴም ወንዝ እንደ ወረደች ትቀራለች። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ልናገር ተነሣሁ። አቶ ቢያድግልኝ ፊታቸውን ወደ እኔ ሳያዞሩ እጄን ይዘው አስቀመጡኝ።

«መስመሩ ስህተት ነው» አሉ። «ሳላነብ የፈረምኩት እኔ ነኝ። በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ።»

«ታዲያስ?» አለ ኃላፊው።

«ታዲያማ መኪናው ውጭ ነው። ጆግ ይያዝና ወይራ ምንጭ እንሂድ። እናንተ ትጫናላችሁ፣ እኔ እቆጥራለሁ።»

ማንም አልተነሣም።

«ተነሡ እንጂ» አለች አክስቴ። «እኔ በእግሬ የመጣሁትን እናንተ በመኪና ያቅታችኋል?»

ወይራ ምንጭ ስንደርስ ተቋራጩ ኮቱን አውልቆ ጀመረ። አቶ ቢያድግልኝ ድምፃቸውን ሳይቀንሱም ሳይጨምሩም ይቆጥራሉ። ሠላሳ ላይ ላቡ ወረደ። ስድሳ ላይ ኃላፊው ተቀበለው። «በርታ እንጂ፤ እኛ ዓመት ሙሉ ነቅንቀነዋል» ትለዋለች አክስቴ። መቶ ላይ አቶ ቢያድግልኝ ቆጠራውን አቆሙ። ጆጉን አንሥተው ገለበጡት። ደረቅ ነበር። ተቋራጩ ፓምፑን በራሱ ወጪ ሊጠግን እዚያው መኪናው ላይ ተደግፎ ፈረመ።

ስንመለስ፣ ቢቸና ልንገባ ስንል አቶ ቢያድግልኝ «አንተ ቅኔ ዘራፊ» አሉ፤ ቅኔ ቤት ደጃፍ ሳልደርስ ግጥም እንደምጽፍ ያውቃሉ። «የጨመርከው ውሸት የጠቀመው እነሱን ነው። ንዴትህን ለግጥምህ አስቀምጠው፤ ለእኔ ያየሁትን ጻፍልኝ።»

ከወር በኋላ አንድ ደብዳቤ ኮፒ እንዳደርግላቸው ሰጡኝ። ሳያነቡ በመፈረማቸው የተጻፈባቸው ማስጠንቀቂያ ነበር። ስሜ የትም የለበትም። ሒሳቡን ከፍለው «ጥሩ ወጥቷል» ብለውኝ ሄዱ።

ጋሽ ቢያድግልኝ፣ ይህን ጽሑፍ «አገር ሁሉ አለቀሰልዎት» ብዬ ነበር የጀመርኩት። ሰረዝኩት። ሻያቸውን ያልጠጡላቸው ብዙዎቹ ከቀብርዎ ቀርተዋል። አክስቴ ግን መጥታ ነበር፤ እኔም ነበርኩ። ትናንት ወይራ ምንጭ ሄጄ ፓምፑን ተጫንኩት። በአምስተኛው ብዬ ብጽፍልዎ ደስ ባለኝ፤ ውሃው የመጣው በሰባተኛው ነው። ጠጥቼልዎታለሁ። አሁን ይረፉ።