የበረንዳው ሙሌት ቀን

ግሬዱ የተለቀቀው ሐሙስ ከምሳ በኋላ ነበር። ወልቂጤ የሁለተኛ ዓመት የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ነበርኩ። የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና አልቆ ግማሹ ተማሪ ወደየቤቱ ሄዷል። እኔ ውጤቴን ሳላይ ቡታጅራ መግባት ስላልፈለግኩ ዶርም ቀርቼ ነበር። በክፍላችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ “ተለቋል” የሚል አንድ ቃል መጣ። ሁሉም ሰው አንድ ላይ ስለገባ የውጤት ገጹ አልከፈት አለኝ። ስልኩን ይዤ ወደ መስኮቱ ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ እንደገና ሄድኩ። ሲከፈት ዓይኔ ከላይ ወደ ታች ወረደ። ቢ። ሲ። ሲ ፕላስ። ከዚያ ኤፍ።

ኤፉ ያረፈው “ስትሬንግዝ” ብለን በምንጠራው ኮርስ ላይ ነው። አግዳሚ ምሰሶ ወይም ወለል ጭነት ሲያርፍበት የቱ ጋ እንደሚሳብ፣ የቱ ጋ እንደሚጨመቅ የሚያስተምር ነው። ዋናው ትምህርታችን እሱ ነው ማለት ይቻላል፤ እሱን ያላለፈ ቀጥሎ የሚመጡትን መውሰድ አይችልም።

ከእኔ በላይ ያለው አልጋ ላይ የሚተኛው የዶርም ጓደኛዬ አንገቱን ወደ ታች አሰገገ።

“ስንት አመጣህ?”

“ኤፍ።”

“የምርህን ነው?” ዘሎ ወረደ። ስልኬን ተቀብሎ ራሱ አየው። “ስህተት ይሆናል። ሂድና መምህሩን ወረቀቴን ልይ በለው።”

ስህተት መሆኑን እኔም አመንኩ። ማመን ነበረብኝ። ጸጉሬን ሳላበጥር ወደ መምህሩ ቢሮ ሄድኩ። መምህሩ አልተቆጣም፤ “ቁጭ በል” ብሎ ከተደረደሩት ወረቀቶች መሐል የእኔን አወጣና ፊቴ ዘረጋው። አንድ ጥያቄ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ትልቅ ክብ ተሠርቶበታል። በአንድ በኩል ብቻ ተይዞ በሌላ በኩል አየር ላይ ስለሚቆም አግዳሚ ምሰሶ የሚጠይቅ ነበር።

“ምሰሶው የሚሳብበትን ጎን ለምን ወደ ታች ሣልከው?” አለኝ።

አየሁት። ለምን እንደዚያ እንደሣልኩት አላውቅም ነበር።

“እኔ ልንገርህ” አለ። “ይሄ የአምናው ፈተና መልስ ነው። የአምናው አግዳሚ በሁለቱም በኩል ድጋፍ ነበረው። አንተ መልሱን ሸምድደህ መጣህ፣ እኔ ደግሞ ጥያቄውን ቀየርኩት።”

የአምናና የካቻምና ፈተናዎችን ከበላይ ተማሪዎች ተቀብዬ፣ ሳይገባኝ፣ ቁጥሮቹን እየቀያየርኩ ሳጠና ነበር የከረምኩት። አመስግኜው ወጣሁ። ከቢሮው እስከ ዶርም ያለውን መንገድ እንዴት እንደሄድኩት አላስታውስም።

ጠቅላላ ውጤቴ ከሁለት በታች ወርዶ ዋርኒንግ የሚሉት ማስጠንቀቂያ ውስጥ ገብቻለሁ። ኮርሱን ደግሜ ካላለፍኩ ደግሞ መባረር አለ። ይህንን ሁሉ አባቴን ፊት ለፊት እያየሁ መናገር አለብኝ።

አባቴ ግንበኛ ነው። ትምህርት ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። ቡታጅራ ውስጥ እሱ ድንጋይ ያላስቀመጠበት መንደር ማግኘት ይከብዳል። ምህንድስና የደረሰኝ ቀን ከሥራው ቦታ ሳይታጠብ፣ ሲሚንቶው ክንዱ ላይ እንደደረቀ፣ መስጊድ በር ላይ ቆሞ ለሚወጣው ሰው ሁሉ ሲነግር እንደነበር እናቴ አጫውታኛለች። ከዚያ በኋላ አብረውት የሚሠሩት ሰዎች ስሜን ትተው “ኢንጂነሩ” ይሉኝ ጀመር።

በማግስቱ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርኩ። አገና ከተማን አልፈን ወደ ዳገቱ ስንወጣ ጉም ከእንሰቱ በላይ ተኝቶ ነበር፤ መስኮቱ ክፍተት ስላለው ብርዱ ጉልበቴ ድረስ ገባ። እናቴ ሁለት ጊዜ ደውላ “የት ደረስክ?” አለችኝ። መንገዱን በሙሉ የምናገረውን ሳዘጋጅ ነበር። “አባ፣ አንድ ነገር ልነግርህ ነው” ብዬ እጀምራለሁ። ከዚያስ? ከዚያ ወዲያ ያለውን አንድም ጊዜ መጨረስ አልቻልኩም።

ቤት ስገባ ቆጮና ጎመን ቀርቦ ጠበቀኝ። አባቴ እጁን ታጥቦ እየተቀመጠ ጠየቀኝ።

“ፈተናው እንዴት ሆነ?”

“አልሃምዱሊላህ” አልኩ።

እሱም “አልሃምዱሊላህ” ብሎ ቆረሰልኝ። አላህን ማመስገን ውሸት አይደለም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ጉርሻው ግን አልወርድ ብሎኝ በውኃ ነው የዋጥኩት።

“ነገ ከእኔ ጋር ትወጣለህ” አለ አባቴ። “የሐጂን ቤት ታይልኛለህ።”

ሐጂ እንሴኖ ገበያ ላይ እህል የሚነግዱ ሽማግሌ ናቸው። ከቡታጅራ ወደ እንሴኖ በሚወስደው መንገድ ዳር ፎቅ እያሠሩ ነበር። ወደ መንገዱ የሚወጣ፣ ከሥሩ ምሰሶም ግድግዳም የሌለው በረንዳ እንዲኖረው ይፈልጋሉ። አባቴ ከዚያ በፊት እንዲህ ዓይነት በረንዳ ሠርቶ አያውቅም። ብረቱን ሊያስር የነበረው ፌራዮ ታይፎይድ ይዞት ወደ ቤተሰቡ፣ ወደ ቡኢ ሄዶ ነበር፤ ስለዚህ አባቴ የወለል ብረት ሲታሰር ሲያይ እንደኖረው አድርጎ ራሱ አስሮታል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መሰላሉን ወጥተን ከበረንዳው አጠገብ ቆምን። ብረቱ እንደ መረብ ተዘርግቷል፤ ለአርማታው ከተነጠፈው እንጨት ሁለት ጣት ያህል ብቻ ከፍ ብሏል። ሐጂ ከታች ሆነው ወደ ላይ ያያሉ። ሁለት ሠራተኞችም ሥራቸውን አቁመው እኔን ያያሉ።

“እህሳ?” አለ አባቴ። “ነገ ጠዋት ነው አርማታ የምንሞላው።”

አጎንብሼ ብረቱን በእጄ ነካሁት። ጆሮዬ ውስጥ “ለምን ወደ ታች ሣልከው?” የሚለው የመምህሩ ድምፅ ይሰማኛል። ይህ በአንድ በኩል ብቻ የተያዘ ነገር ነው። ያ ጥያቄ ነው። የወደቅኩበት ራሱ ጥያቄው ነው። መልሱ ግን የለኝም፤ የማላውቀው መሆኑን ብቻ ነው የማውቀው። አባቴ ፊቴን እያየ ነበር። ከንፈሩ ጫፍ ላይ ያ የመስጊድ በር ፈገግታ ነበረ።

“ደህና ነው” አልኩ።

“ሰምተዋል ሐጂ?” አለ አባቴ ወደ ታች። “ደህና ነው ብሏል ኢንጂነሩ!”

“ማሻአላህ!” አሉ ሐጂ።

እሑድ ጠዋት ሥራው ቦታ ስንደርስ የአርማታ መቀላቀያው ሚክሰር መዞር ጀምሯል። አሸዋና ጠጠር የሚሰፍሩት ሴቶች ሻሻቸውን አስረው ተሰልፈዋል፤ ወንዶቹ ባልዲ እየተቀባበሉ ወደ ላይ የሚያወጡበትን መወጣጫ ያጠብቃሉ። አባቴ ከላይ ሆኖ ያዛል። እኔ ከታች፣ የተቆራረጠ የባሕር ዛፍ እንጨት ከተከመረበት አጠገብ ቆሜ ምን ማድረግ እንዳለብኝ አላውቅም።

ከክምሩ አንድ ቀጭን እርጥብ እንጨት አነሣሁ። በአንድ በኩል ብቻ የተያዘው የፈተናው አግዳሚ ከሐሳቤ አልወጣም ነበር። ከዚያ አንዱን ጫፍ በሁለት ትልልቅ ድንጋዮች መሐል ሰካሁትና ሌላውን ጫፍ በእጄ ወደ ታች ተጫንኩት። እንጨቱ ጎበጠ። ጨመርኩበት። ቅርፊቱ ጧ ብሎ ተሰነጠቀ። የተሰነጠቀው ከላይ ነው። ከሥሩ ያለው ቅርፊት ተጨማደደ እንጂ አልተነካም።

ሌላ አነሣሁና ደገምኩት። አሁንም ከላይ።

አንድ መንፈቅ ሙሉ በነጭ ሰሌዳ ላይ ስመለከተው ያልገባኝ ነገር እዚያ ድንጋዮቹ መሐል ገባኝ። መግባቱ ግን ደስ አላሰኘኝም፤ የእኛ ብረት የታሰረው ከታች ነው። የመጀመሪያው ባልዲ መወጣጫው ግማሽ ላይ ደርሶ ነበር።

“አባ! አስቁም!”

ሚክሰሩ ስለሚጮህ አልሰማኝም። መሰላሉን እየዘለልኩ ወጣሁና ባልዲውን ከያዘው ሰውዬ ፊት ቆምኩ።

“አስቁም አባ። ብረቱ ቦታው እዚህ አይደለም።”

“ምን?” አለ አባቴ። “ትናንት ደህና ነው አላልክም?”

“ብዬ ነበር። አላውቀውም ነበር።”

“እንዴት አታውቀውም? የምትማረው ምንድን ነው?”

አንድ ሰው ሚክሰሩን አጠፋው። ባያጠፋው ይሻለኝ ነበር። ጸጥታው ውስጥ የእኔ ድምፅ ብቻ ቀረ።

“ይሄንን ኮርስ ወድቄያለሁ። ኤፍ ነው ያመጣሁት።”

አባቴ አላየኝም። ባልዲውን ነው ያየው። ከዚያ ብረቱን አየ፣ ከዚያ ከታች አንገታቸውን ቀና አድርገው የቆሙትን ሐጂን አየ። ይቆጣል፣ ይመታኛል ብዬ ጠበቅኩ። በሕይወቱ መትቶኝ አያውቅም፤ የዚያን ዕለት ግን ቢመታኝ ደስ ይለኝ ነበር።

“አርማታው ይደርቃል” አለ በመጨረሻ፣ ለሠራተኞቹ። “ወደ ጓሮ ደረጃው ውሰዱት። ዛሬ ደረጃውን እንሞላለን።”

ሰዎቹ መንቀሳቀስ ጀመሩ። እሱ መሰላሉን ወርዶ ወደ ሐጂ ሄደ፤ ምን እንዳላቸው አልሰማሁም። ሐጂ ጺማቸውን ዳሰሱ። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ።

እኩለ ቀን ሲሆን አንዲት ወጣት መሐንዲስ በባጃጅ መጣች። ሐጂ የዘመዳቸውን ቤት ስትቆጣጠር ያውቋታል። ሰላምታ ሰጥታ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታራግፍ ወደ ላይ ወጣች። ብረቱን ለማየት ብዙ ጊዜ አልፈጀባትም።

“ይሄ ከታች ምን ይሠራል?” አለች። “በረንዳው የሚያርፍበት ግድግዳ የለውም። ከቤቱ ተንጠልጥሎ ነው የሚቆመው። ሰው ሲቆምበት የሚሰነጠቀው ከላይ ነው፤ ብረቱም ከላይ ነው መሆን ያለበት። ደግሞ ወደ ቤቱ ውስጥ ረዘም ብሎ ገብቶ መያዝ አለበት።”

“እንዲሁ ሞልተነው ቢሆንስ?” አለ አባቴ። ድምፁ ቀጥኖ ነበር። “ከሥሩ የደገፈው ፑንቴሎ ሲነሣ?”

“አብሮ ይወርዳል” አለች። “ያኔ ባይወርድ እንኳ ለዒድ እንግዳ ሲቆምበት ይወርዳል። ማነው ይሄን አይቶ እሺ ያለው?”

“እኔ ነኝ” አለ አባቴ።

“እሱ አይደለም” አልኩ። “እኔ ነኝ።”

መሐንዲሷ አንድ ጊዜ እሱን፣ አንድ ጊዜ እኔን አየች። ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችም። ከቦርሳዋ ወረቀት አውጥታ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ብረቱ እንዴት እንደሚታሰር ሣለችልን። አባቴ ወረቀቱን ተቀብሎ ለረጅም ጊዜ አየውና፣ ለእኔ ሳይሰጥ ኪሱ ውስጥ አስቀመጠው።

ከዚያ ቀን በኋላ አላናገረኝም። በየጠዋቱ አብሬው እወጣለሁ፤ “ድንጋይ አቀብል”፣ “ውኃ ጨምር” ከማለት ሌላ ቃል የለውም። ሠራተኞቹም “ኢንጂነሩ” ማለት ተዉ። እናቴ ነገሩን ከጎረቤት ሰምታ፣ ምግብ ስታቀርብ ዓይኔን ሳታይ “ብላ” ትለኛለች። ብረቱን ፈትተን እንደገና አሰርነው፤ መዳፌ ቆስሎ ማንኪያ መያዝ አቃተኝ። በረንዳው ሲሞላ መሐንዲሷ ቆማ አየች፤ ይሄኛው ደህና ነው አለች። እኔ ግን አጠገቡ ለመቆም እንኳ አልደፈርኩም፤ ከታች አሸዋ ስሰፍር ዋልኩ።

ዓርብ ከጁምዓ ሶላት ስንመለስ አባቴ መንገድ ላይ ቀስ አለ። ሰዎቹ ቀድመውን እንዲያልፉ የፈለገ ይመስለኛል።

“ስንት ጊዜ ይፈቀዳል?” አለ።

“ምኑ?”

“መውደቁ።”

“አንዴ እደግመዋለሁ። ያኔ ካላለፍኩ ያባርሩኛል።”

ጥቂት ሄድን።

“እኔም ግንብ አፍርሼ አውቃለሁ” አለ። “ጠምሞ የተሠራ ግንብ ይፈርሳል፣ እንደገና ይሠራል። ኤፍ ማለትን አላውቀውም፣ አልገባኝም። ‘ደህና ነው’ ያልከው ግን ከልቤ አልወጣልኝም። ሰዎች እዚያ ላይ ይቆሙ ነበር። ልጆች ይቆሙ ነበር።”

“አውቃለሁ አባ።”

“አታውቅም” አለ። “ፈርተኸኝ ነው?”

አንገቴን ደፋሁ። እሱም ሁለተኛ አልጠየቀኝም፤ ክንዱን ግን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገ፣ ቤት እስክንደርስ እንደዚያው ሄድን።

ወልቂጤ ተመልሼ የሚቀጥለውን መንፈቅ ዓመት በዋርኒንግ ጨረስኩ። ኮርሱ እንደገና የተሰጠው በዓመቱ ነው፤ ከበታቼ ከነበሩት ተማሪዎች ጋር ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው ቀን አንዷ “አንተ ሲኒየር አይደለህ እንዴ?” ስትለኝ መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ከፊት ወንበር ነበር የምቀመጠው። ያልገባኝን ሁሉ በሳምንት ሁለት ጊዜ የመምህሩን በር እያንኳኳሁ እጠይቅ ነበር፤ አንዳንዴ ሲሰለቸው ይታወቀኛል፣ ቢሆንም አልቀረሁም። የአምና ፈተና የሚባል ነገር በእጄ አልነካሁም። በፋይናሉ ዋዜማ ምሳ አልበላልኝ ብሎ ውዬ፣ ፈተናው ሲሰጥ የመጀመሪያውን ገጽ ሦስት ጊዜ ካነበብኩ በኋላ ነው እስክሪብቶ ያነሣሁት።

ሲ አመጣሁ። ከክፍሉ ብዙዎቹ ከእኔ የተሻለ ውጤት ነበራቸው። ከግቢው በር ውጭ ወጥቼ ለአባቴ ደወልኩለት።

“አለፍኩ አባ። ሲ ነው።”

“ሲ ማለት ምንድን ነው? ጥሩ ነው?”

“ጥሩ አይባልም። ያሳልፋል።”

“ተምረኸዋል? ገብቶሃል?”

“ገብቶኛል።”

ከጀርባው የመዶሻ ድምፅ ይሰማል።

“አልሃምዱሊላህ” አለ። “በል ዝጋው፣ ሰዎች እየጠበቁኝ ነው።”